«ቫይረሱ አለብሽ» ሲባል

አክስቴ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ የጮቄ ብርድ በሚወርድበት የገጠር ቀበሌ ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ስድስት ወልዳለች። ባለፈው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጋግማ ስትወተውታት ጊዜ ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከተማ ገባች፤ ናሙና ሰጠች፤ ተቀጠረች። በቀጠሮዋ ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ቫይረሱ ተገኝቶብሻል፤ ግን አትጨነቂ» አላት። ከ«ግን» በኋላ ያለውን አልሰማችም።

ቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ቡናም እህልም አልቀምስ ብላ መደብ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ከአንድ ወንድ ሌላ አላውቅም። እሱ ነው የገደለኝ» አለች። ከዚያ ከመቀነቷ ላይ የተጣጠፈች ወረቀት ፈትታ ሰጠችኝ። አነበብኩት። የተጻፈው እሷ የፈራችው አይደለም፤ ኤች ፒ ቪ ነው።

ባለሙያው የተናገረው ሐሰት የለበትም። የጎዳት ቃሉ ነው። በአማርኛ «ቫይረሱ» ስንል ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ነገር ብቻ ስንጠራበት ኖረናል። በሬዲዮ ድራማው፣ በትምህርት ቤት ክበቡ፣ በእድሩ ስብሰባ፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ቫይረሱ በደሟ ይገኛል»፣ «ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ» እያልን ኤች አይ ቪን በስሙ መጥራት ስንሸሽ፣ ለብዙ ተሐዋስያን የሚሆነውን ስም ለእሱ ብቻ አስረከብነው። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፤ ኩፍኝም፣ ፖሊዮም፣ የእብድ ውሻ በሽታም። አንዳቸውንም ግን «ቫይረሱ» ብለን አናውቅም። እናም አንዲት የጎጃም ገበሬ ሚስት «ቫይረሱ ተገኝቶብሻል» ስትባል የምትሰማው የባል ክህደትን፣ የዕድሜ ልክ ክኒንን፣ የጎረቤት ሹክሹክታን፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሞትን ነው። ኤች አይ ቪ ራሱ መድኃኒቱን በሥርዓት ለሚወስድ ሰው ዛሬ እንዲያ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን ከነጓዙ እዚያው ቃሉ ውስጥ ቀርቷል።

ኤች ፒ ቪ፣ በሙሉ ስሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በደም ውስጥ የሚዞር ተሐዋስ አይደለም። የሚኖረው በቆዳና እንደ ማኅፀን በር ባለ ስስ ገላ ላይ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አንዳንዱ በልጆች እጅና እግር ላይ የሚወጣውን ተራ ኪንታሮት ያመጣል። ሌላው በግብረ ሥጋ ንክኪ ይተላለፋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 14 የሚሆኑት ካንሰር የማምጣት አቅም አላቸው። ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ከሚከሰተው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ያመጣሉ። ቁጥር 6 እና 11 ደግሞ የብልት ኪንታሮት ያወጣሉ፤ ያሳፍራሉ፣ ያሳክካሉ፣ ሰውን ያስጨንቃሉ እንጂ ለማኅፀን በር ካንሰር የሚያሰጉት እነሱ አይደሉም። የቫይረሱንና የካንሰሩን ዝምድና ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው። በጊዜው ብዙዎች የካንሰሩ ምክንያት ሌላ ተሐዋስ፣ ሄርፐስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ግን በራሱ መንገድ ገፍቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 እና በ1984 ቁጥር 16ን እና 18ን ከካንሰር ሕዋስ ውስጥ አገኛቸው። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚያው አቆጣጠር በ2008 ነው።

ለአክስቴ መጀመሪያ የነገርኳት ይህን አልነበረም። መጀመሪያ የነገርኳት በሕይወቱ ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ በአንድ ወቅት እንደሚይዘው ነው። ካህኑንም ገበሬውንም፣ ባለትዳሯንም ፈቷንም፣ ምናልባት እኔንም። አንድ ባል ይበቃል። ለዚያ ባልም ከእሷ በፊት አንዲት ሴት ትበቃለች። ኮንዶም እንኳ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም፤ ኮንዶሙ ካልሸፈነው ገላም ይተላለፋልና።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይድናል ወይ?» አለች።

* * *

ጥያቄው አንድ ይመስላል፤ ሁለት ነው። አንዱ፣ ቫይረሱን ከገላ የሚያጠፋ መድኃኒት አለ ወይ ነው። የለም። ክኒኑም፣ መርፌውም፣ ቅባቱም የለም፤ በደብረ ማርቆስም በአዲስ አበባም በአውሮፓም የለም። «ከሥሩ ነቅዬ አጠፋልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ፣ ሥር ማሽም ይሁን የታሸገ ጠርሙስ ሻጭ፣ የሌለውን ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ነገር ለስላሳ ቃል ለመምረጥ አልፈልግም፤ ለሥር ማሽ የሚሸጠው በግ ለልጅ ደብተርና ለእናት የመኪና መሳፈሪያ ሊሆን የሚችል በግ ነው።

ሁለተኛው፣ ይጠፋል ወይ ነው። አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ከተያዙ አሥር ሴቶች በዘጠኙ ላይ ቫይረሱ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በምርመራ የማይገኝ ይሆናል። የሚያሸንፈው የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ነው፤ ሴትዮዋ መያዟንም መገላገሏንም ሳታውቅ ያልቃል። አልፎ አልፎ ግን ማታ በአመድ እንደተዳፈነ ረመጥ ጥቂቱ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰውነት ሲደክም ብቅ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም «ድነሻል» ከማለት ይልቅ «አሁን አይታይም» የሚለው።

ነገሩ የሚከብደው በቀረችው በአሥረኛዋ ላይ ነው። ካንሰር የማምጣት አቅም ያለው ዓይነት ዓመታት ከቆየ የማኅፀን በርን ሕዋሳት ጠባይ ይለውጣል። የተለወጠው ቦታ ገና ካንሰር አይደለም፤ ሐኪሞች ቅድመ ካንሰር ይሉታል። አያምም፣ አይደማም፣ ሽታ የለውም። ጤናማ መከላከያ ባላት ሴት ላይ ከዚህ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። ይህ ረጅም ጊዜ ነው የሴቲቱ ሀብት። በሰውነታችን ውስጥ ከሚነሱት ካንሰሮች ይህን ያህል ዘመን አስቀድሞ መምጣቱን የሚያሳውቅ ብዙ የለም።

ቫይረሱ መድኃኒት የለውም፤ ያበላሸው ቦታ ግን ይታከማል። አክስቴ ይህን ስነግራት ለሁለት ከፍላ አየችው። «እንግዲያ አረሙን መንቀል ነው እንጂ ዘሩን ከመሬት ማጥፋት አይቻልም በይኛ» አለች። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ በየትኛውም የጤና መጽሔት አላነበብኩም።

* * *

ከሁለት ቀን በኋላ አብሬያት ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። በዚህኛው ቀን ያገኘናት ጠና ያለች ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። እኔም ሴት ነኝና ከመጋረጃው ውስጥ አስገባችኝ። አክስቴን አልጋው ላይ አስተኝታ፣ ጉልበቷን በአቡጀዲ ሸፍና፣ ምን እንደምታደርግ አንድ በአንድ እየነገረች ትሠራለች። ጥጡን ስታነሳ ክፍሉን አንድ የታወቀ ሽታ ሞላው።

«ሲስተር፣ አቼቶ ነው እንዴ?» አለች አክስቴ ከተኛችበት።

ነው ለማለት ይቻላል። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ሰላጣ ላይ የምናፈሰው የአቼቶ ዋና ንጥር ነው። የማኅፀን በር በእሱ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ጤነኛው ገላ ሮዝ መልኩን እንደያዘ ይቀራል፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ መብራትና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። ናሙና ወስዶ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ከዚህ ያነሰ ነው የሚያመልጠው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመርጠው እሱን ነው፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ ልትወስደው መቻሏም እፍረቷን ያቀልላታል። መሣሪያው ባልደረሰበት ግን አቼቶው ሕይወት ያድናል።

በአገራችን ይህ መንገድ በሰፊው የተሞከረው መጀመሪያ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሴቶች ላይ ነው። «አዲስ ተስፋ» በተባለው የፓዝፋይንደር ድርጅት ፕሮጀክት ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2006 ዓ.ም. በ14 ሆስፒታሎች ከ16,000 በላይ ሴቶች ተመርምረዋል፤ ከአሥሩ አንዷ ነጭ ምልክት ተገኝቶባታል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምናውን አግኝተዋል፤ ብዙዎቹ በዚያው በመጡበት ቀን። ከእነሱ መጀመሩ አግባብ ነበር። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ነው። ለዚህም ነው ሌሎች ሴቶች ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ ሲመከሩ እነሱ ከ25 ጀምረው ቶሎ ቶሎ እንዲመረመሩ የሚነገራቸው። ሌሎቹ እስከ 30 የሚጠበቁት በወጣትነት የሚገኘው ቫይረስ አብዛኛው ራሱ ስለሚጠፋ፣ ያለ ነገሩ ሴትን ላለማስደንገጥና ላለማከም ነው።

አክስቴ ላይ የስሙኒ ያህል ነጭ ታየ። ሲስተር ለእኔም አሳየችኝ። ከዚያ ብረት ጫፍ ያላት፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያ አነሳች፤ በሙቀት የምታክመው ናት። ነገሩ ከአንድ ደቂቃ በታች አለቀ። ቀደም ብሎ የተለመደው በጋዝ ማቀዝቀዝ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ለእሱ ጋዝ ከከተማ መምጣት አለበት፤ ጋዝ ሲያልቅ ሴቶች «ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላሉ፤ ሦስት ሰዓት በእግር የመጣች ሴት «ሌላ ቀን» የላትም። ለውጡ ሰፋ ካለ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቆረጥበት ሊፕ የሚባል ሕክምና አለ፤ ለእሱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል።

ከአልጋው ስትወርድ ሲስተር ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ለጥቂት ሳምንታት እንደሚኖር ነገረቻትና፣ «ለአንድ ወር ከባለቤትሽ ጋር እንዳትገናኚ» አለቻት። አክስቴ ዝም አለች። ከሕክምናው ሁሉ የከበዳት ይህ ነው። አቼቶው አላስፈራትም፣ ሙቀቱም አላስፈራትም፤ ማታ ቤት ገብታ የምትናገረው ነገር ግን ከየት ይምጣ? ሲስተር ገባት። «ለእሱ የምነግረው እኔ ነኝ። ነገ ይምጣ» አለቻት። መጣም። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጋቢውን እያስተካከለ፣ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ነኝ ያመጣሁባት?»

የዚህን መልስ ሰው ሁሉ በቃሉ ቢይዘው እወዳለሁ። ማንም ሊያውቀው አይችልም። ቫይረሱ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ድምፅ ሳያሰማ ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ መገኘቱ ትናንት መምጣቱን አያሳይም። ከጋብቻ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከፊተኛው ትዳር ሊሆን ይችላል። ለወንዶች የሚሆን የተለመደ የኤች ፒ ቪ ምርመራ የለም፤ ስለዚህ «ሂድና ተመርመር» ብሎ ማፋረድም አይቻልም። ይህ የላብራቶሪ ወረቀት የክህደት ማስረጃ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ለፍቺ ምክንያት ሊደረግ አይገባም፤ ተደርጎ ከሆነም በውሸት ነው የተፈረደው። ወንዱም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ይኸው ቫይረስ በወንድ ብልት፣ በፊንጢጣና በጉሮሮ ላይ ካንሰር ያመጣል፤ ቁጥሩ ግን ከሴቶቹ በጣም ያንሳል። ሸክሙ የወደቀው በሴቷ ላይ ነው፤ ወቀሳውም እንዲደረብባት ማድረግ ግፍ ነው።

* * *

በልጅነቴ በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ካረጡ በኋላ ደም ይፈሳቸው ጀመር። ሰዉ «የወር አበባዋ ተመለሰላት» ብሎ አወራ። ጠበል ገቡ፤ ሁለት ሱባዔ ያዙ። ሐኪም ቤት የደረሱት ወገባቸውን ይዘው መቀመጥ ሲያቅታቸው ነው። ጨረር ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ደርሶ የዓባይን በረሃ መውረድ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ መውጣት ነው። ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት የሚቆጠር። እሳቸው ወረፋው ሳይደርስ ሞቱ። የሞቱበትን በሽታ ስም በለቅሶው ላይ የጠራ አልነበረም።

በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እንደ አውሮፓውያን በ2020 በወጣው ግምት በአንድ ዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች ይያዛሉ፤ ከ5,000 በላይ ይሞታሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያዩ። ይህን ያህል ዘመን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ በሽታ ከያዛቸው አብዛኞቹን የሚገድለው፣ ያስጠነቀቀበትን ዘመን ማንም ስላላየው ነው።

ስለ ጠበሉ አንድ ነገር ልበል። እኔ ራሴ ጠበል እጠመቃለሁ። እንደ እኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒት እየተዉ ጠበል ሲገቡ፣ የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለዚህም በሽታ ያገለግላል። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ከወር አበባ ቀን ውጭ የሚመጣ ደም፣ ካረጡ በኋላ የሚመለስ ደም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ ያየች ሴት ሱባዔዋን ትያዝ፤ በዚያው ሳምንት ግን ትታይ።

* * *

የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ በመጀመሪያ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ በየትምህርት ቤቱ ይከተቡ ነበር። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ መከተብም እንደሚበቃ አስታወቀ፤ ለዚህ ካበቁት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በአንድ ዘመቻ ለመከተብ ተጀመረ። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡ ሴቶች አድገው ሲታዩ፣ ከመካከላቸው በማኅፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲት እንኳ አልተገኘችም።

«ያመክናል» የሚለውን ወሬ እዚህም ሰምቼዋለሁ። ክትባቱ ውስጥ ቫይረስ የለም፤ ያለው የውጭ ልባሱ ብቻ ነው፤ ፍሬው የወጣ ገለባ ማለት ነው። ገለባ ቢዘሩት አይበቅልም። ሰውነት ግን የገለባውን መልክ አይቶ ያጠናዋል፤ እውነተኛው ሲመጣ ያውቀዋል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ግን ክትባቱ አያስወጣውም፤ ለአክስቴ አይጠቅማትም፤ ለልጇ ነው።

ክትባቱ ከግንኙነት በፊት መሰጠቱ ደግሞ በእኛ አገር የጋብቻን ነገር ያነሳል። ጎጃም ልጅን ቀድሞ በመዳር የታወቀ አገር ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶቹን በቡድን እያሰባሰበ፣ የትምህርት መሣሪያ እየሰጠ፣ ሳይዳሩ ለጨረሱት ለቤተሰባቸው የቤት እንስሳ እየሸለመ የትናንሾቹን ጋብቻ ማዘግየት እንደሚቻል አሳይቷል። ስለ ኤች ፒ ቪ የታሰበ አልነበረም። ግን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያልተዳረች ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለቫይረሱ አልተጋለጠችም፤ ትምህርት ቤት ስላለችም ክትባቱ ያገኛታል።

እኔን አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ክትባቱ ወደ ልጆቻችን የሚገባው በትምህርት ቤት በር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ በር ተዘግቷል። ከክፍል የወጣችው ልጅ ወይ ተድራለች፣ ወይ ለሰው ቤት ሥራ አዲስ አበባ ተሳፍራለች። ዛሬ ያልተከተበችበት ዋጋ የሚታየው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ከዚህ ጦርነት ጋር አያገናኘውም።

* * *

ከኤች ፒ ቪ ጋር መኖር ማለት ለብዙዋ ሴት ምንም የተለየ ነገር አለማድረግ ነው። ታበስላለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ትቆርባለች። በዕቃ፣ በምግብ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። መውለድ አይከለክልም፤ ጡት ማጥባትም። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩት ክኒናቸውን ሳያቋርጡ መውሰዳቸው እዚህም ይረዳቸዋል፤ የሚያድግ መከላከያ ሁለቱንም ይታገላል። የሚጨመረው አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው፤ በዓመት፣ ወይም በሦስት ዓመት፣ እንደ ሁኔታው። ያንን ቀጠሮ መርሳት ነው አደጋው።

እኔም በዚያው ሳምንት ተመርምሬያለሁ። የምሰብከውን ሳላደርግ መጻፍ አልቻልኩም።

የአክስቴ ቀጠሮ ዘንድሮ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ ነበር። ካርዷን ዓመቱን ሙሉ ከክት ልብሷ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖራ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደጃፌ ላይ ደረሰች። ብቻዋን አልነበረችም። ከጎኗ አንዲት የጎረቤቷ ምራት ቆማለች፤ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ሕፃን አዝላለች፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። በእጇ ያቺኑ የመሰለች የተጣጠፈች ወረቀት ጨብጣለች። ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ አልተናገረችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ድንገት ዕንባዋ ወረደ።

አክስቴ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ገልጣ አየችው።

«አይዞሽ፣ ያኛው አይደለም» አለቻት። «በይ ልጁን ለእኔ ስጭኝና ተራሽን ያዥ።»